የሁለት ኩባንያ ቅጂዎች በአንድ ሽፋን፦ የኤልቪስ ፕሪስሊ የመጀመሪያ የስቱዲዮ አልበምና የሕይወቱ ጉዞ

አጠቃሎ

ይህ አጭር ጽሑፍ የአሜሪካዊውን ድምፃዊ የኤልቪስ ፕሪስሊን (1935–1977) የሕይወት ታሪክ በመጀመሪያው የስቱዲዮ አልበሙ በኩል ይመለከታል። በ1956 የወጣው ይህ አልበም በአንድ ዕቅድ የተሠራ ሳይሆን ከሁለት የሸክላ ኩባንያዎች ቅጂዎች የተሰበሰበ እንደሆነ ያሳያል። አሰባሰቡም ድምፃዊው ከነፃ ሙከራ ወደ ውል ግዴታ የተሻገረበትን ወቅት የሚመሰክር ሰነድ ነው የሚል ሐሳብ ያቀርባል። በመጨረሻም በ1973 የቅጂዎቹ ገቢ ከድምፃዊው እጅ የወጣበትን ሽያጭ ከዚሁ ጅማሬ ጋር ያያይዛል። ሌላ አቆጣጠር ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. መግቢያ

ስለ ታዋቂ ድምፃውያን የሚጻፉ የሕይወት ታሪኮች የመጀመሪያውን አልበም በአብዛኛው የዝና መነሻ አድርገው ያነሡታል። የወጣበትን ቀንና ያገኘውን ተቀባይነት ከመዘገቡ በኋላ ወደ ቀጣዩ ምዕራፍ ይሻገራሉ። አልበም ግን ከሚደመጠው ዜማ ባሻገር በየትኛው ስቱዲዮ፣ በማን ገንዘብ፣ ከእነማን ጋርና በምን ዓይነት ውል እንደተሠራ የሚናገር ሰነድ ነው። የኤልቪስ ፕሪስሊ የመጀመሪያ አልበም ለዚህ ዓይነቱ ንባብ የተመቸ ነው፤ በአንድ ሽፋን ሥር የተቀመጡት 12 ዘፈኖች የተቀረጹት በሦስት ከተሞች፣ ለሁለት ኩባንያዎች፣ ከ1954 የበጋ ወር እስከ 1956 መጀመሪያ ባለው ጊዜ ውስጥ ነውና። በእነዚህ ወራት ድምፃዊው ከማይታወቅ የጭነት መኪና ሹፌርነት ተነሥቶ በአገሩ ከሁሉ በላይ የሚወራለት ወጣት ሆኗል።

2. ከቱፔሎ እስከ ሜምፊስ

ኤልቪስ አሮን ፕሪስሊ ጃንዋሪ 8 ቀን 1935 በሚሲሲፒ ግዛት በቱፔሎ ከተማ በአንዲት ባለ ሁለት ክፍል የእንጨት ቤት ተወለደ። መንታ ወንድሙ ሞቶ በመወለዱ ለአባቱ ለቨርነንና ለእናቱ ለግላዲስ ብቸኛ ልጅ ሆኖ አደገ። ቤተሰቡ ድሃ ነበር። አባቱ በ1938 በቼክ ማጭበርበር ተፈርዶበት ለወራት ሲታሰር ቤተሰቡ ያችኑ ትንሽ ቤት አጣ። ልጁ ከሙዚቃ ጋር የተዋወቀው በሦስት በሮች ነው፤ በጴንጤቆስጣዊት ቤተ ክርስቲያን መዝሙር፣ በሬዲዮ በሚሰማው የነጮች የካንትሪ ዘፈን፣ እንዲሁም በአቅራቢያው ባሉ የጥቁሮች ሰፈሮች ብሉዝና መንፈሳዊ ዜማ።

በ1948 መጨረሻ ቤተሰቡ ሥራ ፍለጋ ወደ ቴነሲ ግዛት፣ ወደ ሜምፊስ ከተማ ተሰደደ፤ ብዙም ሳይቆይ ለድሆች በተሠሩ የመንግሥት ቤቶች ውስጥ መኖር ጀመረ። በዚያ ዘመን የደቡብ ግዛቶች ሕግ ነጮችንና ጥቁሮችን በትምህርት ቤት፣ በአውቶቡስና በመዝናኛ ስፍራ ይለያይ ነበር። የሬዲዮ ሞገድ ግን በሕግ አጥር አይታገድም። የሜምፊሱ ደብሊው ዲ አይ ኤ ጣቢያ መላ ዝግጅቱን ለጥቁር አድማጮች ያዋለ የመጀመሪያው የአሜሪካ ሬዲዮ ጣቢያ ሲሆን፣ ስርጭቱን ነጭ ወጣቶችም ከቤታቸው ሆነው ይከታተሉት ነበር። ፕሪስሊ ኋላ የሚዘፍናቸው ዜማዎች በአንድ ጆሮ ውስጥ የተገናኙት በዚህ ሁኔታ ነው።

በ1953 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን እንደጨረሰ ሳም ፊሊፕስ ወደሚያስተዳድረው ሜምፊስ ሪኮርዲንግ ሰርቪስ ሄዶ 4 ዶላር ያህል ከፍሎ ሁለት ዘፈኖችን ለራሱ አስቀረጸ። ፊሊፕስ ሰን የተሰኘው ትንሽ የሸክላ ኩባንያ ባለቤት ሲሆን፣ ከዚያ ቀደም ቢ.ቢ. ኪንግንና ሃውሊን ዎልፍን የመሳሰሉ ጥቁር ሙዚቀኞችን የቀረጸ ሰው ነበር። የፕሪስሊ ስም በስቱዲዮው ማስታወሻ ላይ ተመዘገበ፤ እሱም ኋላ በአንድ የኤሌክትሪክ ሥራ ድርጅት የጭነት መኪና መንዳት ጀመረ።

ጁላይ 5 ቀን 1954 ፊሊፕስ ፕሪስሊን ከጊታር ተጫዋቹ ከስካቲ ሙርና ከቤዝ ተጫዋቹ ከቢል ብላክ ጋር በስቱዲዮው አገናኛቸው። በመጀመሪያ የሞከሯቸው ዝግ ያሉ የፍቅር ዘፈኖች ፊሊፕስን አላረኩትም። ከእነዚህ አንዱ «አይ ላቭ ዩ ቢኮዝ» ነበር። በዕረፍት መካከል ፕሪስሊ የጥቁሩን የብሉዝ ዘፋኝ የአርተር ክሩደፕን «ዛትስ ኦል ራይት» በፈጣን ምት መጫወት ሲጀምርና ሁለቱ ሲከተሉት ግን ፊሊፕስ የሚፈልገውን ድምፅ አገኘ። ዘፈኑ በቀናት ውስጥ በሜምፊስ ሬዲዮ ተሰማ። የፕሮግራሙ አዘጋጅ ወጣቱን በአየር ላይ ሲያነጋግረው የተማረበትን ትምህርት ቤት ጠየቀው፤ ትምህርት ቤቶች በዘር የተለዩ ስለነበሩ አድማጮች ዘፋኙ ነጭ መሆኑን ከመልሱ ተረዱ። አንድ ድምፅ የማን እንደሆነ ለማወቅ የትምህርት ቤት ስም ማስፈለጉ የዘመኑን ሥርዓት ከነግራ መጋባቱ ይገልጻል።

3. የውሉ ዝውውር

ሰን እስከ 1955 መጨረሻ አምስት የፕሪስሊ ነጠላ ሸክላዎችን አወጣ። ሽያጫቸው እየጨመረ ሄደ፤ ለትንሽ ኩባንያ ግን ተፈላጊነት ራሱ ሸክም ነበር። ሸክላውን ለሚያትመው ፋብሪካ አስቀድሞ መክፈል ያስፈልጋል፤ የሽያጩ ገንዘብ ደግሞ ከአከፋፋዮች የሚመለሰው ዘግይቶ ነው። ፊሊፕስ ዕዳ ተጫነው። በዚህ ጊዜ ቶም ፓርከር የተባለ የመድረክ ዝግጅት ነጋዴ የወጣቱን ጉዳይ ወደ መያዝ ተቃርቦ ነበር። ፓርከር የደቡብ ሰው መስሎ ቢኖርም ትውልዱ በኔዘርላንድስ ብሬዳ ከተማ ነው።

ኖቬምበር 21 ቀን 1955 የፕሪስሊ ውል ከሰን ወደ አር.ሲ.ኤ. ቪክተር ተዛወረ፤ ዋጋው 35 ሺህ ዶላር ነበር። ይህ ገንዘብ ለአንድ ጀማሪ ድምፃዊ በዘመኑ ያልተለመደ ነው። ፊሊፕስ በገንዘቡ ኩባንያውን ከዕዳ አውጥቶ ካርል ፐርኪንስንና ጆኒ ካሽን የመሳሰሉ ድምፃውያኑን ወደ ማስተዋወቅ ዞረ። ፕሪስሊ ገና 20 ዓመቱ ስለነበር በሕግ ፊት የወላጅ ፈቃድ ያስፈልገው ነበር። በዝውውሩ ውስጥ ለዚህ ጥናት ዋነኛ የሆነው ነገር አንድ ነው፤ አር.ሲ.ኤ. ድምፃዊውን ብቻ ሳይሆን ሰን ቀርጾ ያላወጣቸውንም ክሮች ተረክቧል። የመጀመሪያው አልበም ግማሽ ያህሉ የተገነባው በእነዚህ ክሮች ነው።

4. የአልበሙ አሰባሰብ

የአር.ሲ.ኤ. የመጀመሪያው ቀረጻ ጃንዋሪ 10 እና 11 ቀን 1956 በናሽቪል ተካሄደ። ኃላፊው ስቲቭ ሾልስ ሲሆን ከሙርና ከብላክ በተጨማሪ ድራም መቺው ዲ.ጄ. ፎንታና፣ ጊታር ተጫዋቹ ቼት አትኪንስና ፒያኖ ተጫዋቹ ፍሎይድ ክሬመር ተሳትፈዋል። ኩባንያው የገዛው ዘፋኙን ብቻ ሳይሆን በሰን ሸክላዎች ላይ የሚሰማውን ድምፅም ጭምር እንደሆነ ያምን ነበር፤ ድምፁን ግን በቀላሉ ማግኘት አልቻለም። ፊሊፕስ ልዩ የሆነውን የገደል ማሚቶ የሚፈጥረው በቴፕ መቅረጫዎች አማካይነት ነበር። የናሽቪል ባለሙያዎች የሕንፃውን መተላለፊያ እንደ ማሚቶ ክፍል ተጠቀሙበት፤ ውጤቱ ሰፊና ቀዝቃዛ የሆነ ሌላ ድምፅ ነበር። «ሃርትብሬክ ሆቴል» የተቀረጸው በዚሁ ክፍለ ጊዜ ነው። ቀጣዩ ቀረጻ በጃንዋሪ መጨረሻና በፌብሩዋሪ መጀመሪያ በኒው ዮርክ ተካሄደ።

ለአልበሙ ከናሽቪል ሦስት፣ ከኒው ዮርክ አራት ዘፈኖች ተመረጡ። ኩባንያው በቴሌቪዥን የተነሣው ጉጉት ሳይበርድ አልበም ለገበያ ማቅረብ ይፈልግ ስለነበር የቀሩትን አምስት ቦታዎች ከሰን በተረከባቸው ቅጂዎች ሞላ። እነዚህም «አይ ላቭ ዩ ቢኮዝ»፣ «ጀስት ቢኮዝ»፣ «ትራይንግ ቱ ጌት ቱ ዩ»፣ «አይል ኔቨር ሌት ዩ ጎ» እና «ብሉ ሙን» ናቸው። ፊሊፕስ በዚያች የጁላይ ምሽት ያላረካው ዘፈን ከሃያ ወራት በኋላ የአገሪቱ ተወዳጅ አልበም አካል ሆነ ማለት ነው። በአንጻሩ የወቅቱ ትልቁ ዘፈን «ሃርትብሬክ ሆቴል» በአልበሙ ውስጥ አልተካተተም፤ በዘመኑ አሠራር ነጠላ ሸክላና አልበም የተለያዩ ሸቀጦች ነበሩና።

ስብስቡ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ ይሁን እንጂ በጥሞና ለሚያዳምጠው ሁለት የተለያዩ ወጣቶች ይሰሙበታል። በኒው ዮርኩ «ብሉ ስዌድ ሹዝ» ድራሙ ይገፋል፣ ጊታሩ ይቸኩላል፣ ድምፃዊውም የተመልካችን ጩኸት የለመደ ሰው እርግጠኝነት አለው። በ1954 በሰን የተቀረጸው «ብሉ ሙን» ከዚህ ፈጽሞ ይለያል። የሪቻርድ ሮጀርስና የሎሬንዝ ሃርት ሥራ የሆነው ይህ የታወቀ ዘፈን በመደበኛ አዘፋፈኑ ከብቸኝነት ተነሥቶ በፍቅር መገናኘት ያበቃል። ፕሪስሊ የመገናኘቱን ክፍል ትቶ በምትኩ ቃል በሌለው ቀጭን እንጉርጉሮ ሞላው፤ አጃቢውም የጊታር ድምፅና እንደ ፈረስ ኮቴ የሚሰማ ቀላል ምት ብቻ ነው። ፍቅረኛዋ አልመጣችም፤ ዘፈኑ በጀመረበት ብቸኝነት ያልቃል። ይህን አዘፋፈን አንድም የገበያ ዕቅድ አላዘዘውም። የተገኘው ሰዓት በማይቆጠርበት ትንሽ ክፍል፣ ምን እንደሚፈልጉ ገና በሚፈልጉ ሰዎች መካከል ነው። ፊሊፕስ ሊያወጣው አልደፈረም፤ አር.ሲ.ኤ.ም ያወጣው አልበም መሙያ ስላስፈለገው ነው።

5. ሽፋኑና ሥርጭቱ

ፕሪስሊ በአገር አቀፍ ቴሌቪዥን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ጃንዋሪ 28 ቀን 1956 በሲ.ቢ.ኤስ. በሚተላለፈው የዶርሲ ወንድማማቾች ዝግጅት ነው። በዚሁ ዝግጅት ስድስት ጊዜ ቀረበ፤ የመጨረሻው ማርች 24 ነበር። አልበሙ የወጣው ከዚያ በፊት በነበረው ቀን፣ ማርች 23 ነው። ስሙም የድምፃዊው ስም ብቻ ነበር።

ሽፋኑ በጁላይ 1955 በፍሎሪዳ ግዛት በታምፓ ከተማ መድረክ ላይ የተነሣ ባለ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ነው። ዘፋኙ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አፉን ከፍቶ፣ ጊታሩን ታቅፎ ይታያል። በግራ በኩል ወደ ታች የወረደው የመጀመሪያ ስሙ በሮዝ፣ ከግርጌ የተዘረጋው የአባቱ ስም በአረንጓዴ ቀለም ተጽፏል። በዘመኑ የአልበም ሽፋኖች ላይ ፈገግ ያለና የተስተካከለ ዘፋኝ ማየት የተለመደ ነበር፤ ይህ ሽፋን ግን በሥራ ላይ ያለ ሰው ያሳያል። የእንግሊዙ ዘ ክላሽ ቡድን በ1979 ላወጣው አልበም የፊደሎቹን አቀማመጥና ቀለም ሆን ብሎ ተከትሎታል።

አልበሙ በቢልቦርድ ሰንጠረዥ ለ10 ሳምንታት አንደኛ ሆኖ ቆየ፤ ከሮክ ኤንድ ሮል አልበሞች መካከል ይህን ደረጃ ለመያዝ የመጀመሪያው ነው። እስከዚያ ድረስ ረጅም ሸክላ የአዋቂዎች ዕቃ፣ ነጠላ ሸክላ የወጣቶች እንደሆነ ይታሰብ ነበር። ስኬቱ ይህን ግምት አፈረሰው።

6. የዜማዎቹ ባለቤቶች

ከ12ቱ ዘፈኖች በርካታዎቹ ቀድሞ በጥቁር ሙዚቀኞች የተዘፈኑ ናቸው። «ቱቲ ፍሩቲ» የሊትል ሪቻርድ፣ «አይ ጋት ኤ ዉማን» የሬይ ቻርልስ፣ «መኒ ሃኒ» ደግሞ በጄሲ ስቶን ተደርሶ የድሪፍተርስ ቡድን ያሳወቀው ነው። «ትራይንግ ቱ ጌት ቱ ዩ»ን ከደረሱት ሁለት ሰዎች አንዷ ጥቁሯ የዘፈን ደራሲ ሮዝ ማሪ መኮይ ናት። በዘመኑ የአሜሪካ ሕግ መሠረት ዘፈኑ በሌላ ሰው ሲቀረጽ የዜማውና የግጥሙ ባለመብት ክፍያ ያገኛል፤ ዘፈኑን መጀመሪያ በድምፁ ቅርጽ የሰጠው ሙዚቀኛ ግን ምንም አያገኝም። ደራሲዎቹም ቢሆኑ መብታቸውን ለአሳታሚዎች አሳልፈው በሰጡበት ሁኔታ የሚደርሳቸው ጥቂት ነበር። የፕሪስሊን የመጀመሪያ ሸክላ ዜማ የደረሰው ክሩደፕ የሚገባውን ሳያገኝ በ1974 በድህነት አረፈ።

ጉዳዩን በዘፋኙ ግለሰባዊ ባሕርይ ብቻ መዳኘት በቂ አይደለም። ፕሪስሊ በ1956 ለጋዜጣ በሰጠው ቃል የክሩደፕን ስም አንሥቶ ለሙዚቃው ባለዕዳ መሆኑን አልሸሸገም። ነገር ግን ምስጋና ክፍያን አይተካም። በዙሪያው የተዘረጋው የአሳታሚዎች አሠራር ዘፈኑ በፕሪስሊ እንዲቀረጽ የሚፈልግ ደራሲ ከገቢው እንዲያካፍል የሚጠይቅ ነበር። «ሃርትብሬክ ሆቴል» የሜይ ቦረን አክስተንና የቶሚ ደርደን ድርሰት ሲሆን፣ የፕሪስሊ ስም በሦስተኛ ደራሲነት የተጨመረው በዚህ ዓይነት ስምምነት ነው።

7. ከአልበሙ በኋላ

የቀጣዮቹ ዓመታት ታሪክ በሰፊው የታወቀ ስለሆነ ከባለቤትነት ጋር የሚያያዘው ብቻ እዚህ ይነሣል። ፕሪስሊ በ1957 በሜምፊስ ግሬስላንድ የተባለውን መኖሪያ ገዛ፤ በ1958 ለወታደራዊ አገልግሎት ተጠራ፤ በዚያው ዓመት ኦገስት እናቱን አጣ። ከውትድርና በ1960 ከተመለሰ በኋላ አብዛኛው ጊዜው በፊልም ሥራ ተያዘ፤ በሕይወት ዘመኑ በ31 የትወና ፊልሞች ተሳትፏል። የፊልሞቹ ዘፈኖች የሚመረጡት አሳታሚው በቀላሉ መብታቸውን ከሚያገኛቸው መካከል ስለነበር የጥራታቸው ደረጃ እየወረደ ሄደ። በ1968 መጨረሻ በቴሌቪዥን ባቀረበው ዝግጅትና በቀጣዩ ዓመት በሜምፊስ ባደረገው ቀረጻ የቀድሞ ኃይሉን መልሶ አሳየ። በቴሌቪዥኑ ዝግጅት ከስካቲ ሙርና ከዲ.ጄ. ፎንታና ጋር በጠባብ መድረክ ተቀምጦ የጥንቱን ዘፈኖች መጫወቱ ወደ መነሻው የተደረገ ጉዞ ነበር።

በ1973 ግን ከሁሉ የከበደ ውል ተፈረመ። ፕሪስሊ እስከዚያ ድረስ ከቀረጻቸው ሥራዎች ወደፊት የሚያገኘውን የሮያሊቲ ገቢ ለአር.ሲ.ኤ. በ5.4 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። ከገንዘቡ ግማሹን ፓርከር ወሰደ፤ ከቀረው ላይ ግብር ተከፈለ። የተሸጠው ክምችት የመጀመሪያውን አልበም ያካትታል። በ1955 ሌሎች በእሱ ላይ የተዋዋሉበት ድምፅ በ1973 በራሱ ፊርማ ከእጁ ወጣ።

ፕሪስሊ ኦገስት 16 ቀን 1977 በ42 ዓመቱ በግሬስላንድ አረፈ። ከሞቱ በኋላ የሜምፊስ ፍርድ ቤት የሕፃን ልጁን ጥቅም እንዲያስጠብቅ የሾመው ጠበቃ የፓርከርን አሠራር መርምሮ ብርቱ ነቀፋ አቀረበ፤ ክርክሩም በ1983 በስምምነት ተቋጨ። የቀድሞ ቅጂዎች ገቢ በመሸጡ ወራሾቹ ቤቱን ለመጠበቅና ግብር ለመክፈል ተቸገሩ፤ በ1982 ግሬስላንድን ለጎብኚ የከፈቱትም በዚሁ ምክንያት ነው። ዛሬ በርካታ ሰዎች የሚጎበኙት ቤት መከፈት፣ ከዘፈኖቹ የሚገኘው ገንዘብ ወደ ቤተሰቡ መሄዱ መቆሙን የሚያስታውስ ነው።

8. ማጠቃለያና የጥናት ጥቆማ

የመጀመሪያው አልበም ከአሰባሰቡ አንጻር ሲነበብ ሦስት ነገሮችን ያሳያል። አንደኛ፣ ከአልበሙ እጅግ የተለየው ቀረጻ የተገኘው ከገበያ ጥድፊያ ውጪ በነበረው የሰን ስቱዲዮ ነው፤ ለሕዝብ የደረሰው ግን በትልቁ ኩባንያ የማከፋፈል ዐቅም ነው። ሁለተኛ፣ የጥቁር ሙዚቀኞች ድርሻ በዘፈኖቹ ውስጥ በግልጽ ቢሰማም በክፍያ ሥርዓቱ ውስጥ ቦታው ጠባብ ነበር። ሦስተኛ፣ በሥርዓቱ ትልቁን ዝና ያገኘው ሰው ራሱ በመጨረሻ የሥራውን ገቢ ጠብቆ ማቆየት አልቻለም።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ሙዚቃ አጥኚዎችም ሩቅ አይደለም። በ1960ዎቹ አዲስ አበባ የፕሪስሊ ዘፈንና አለባበስ በወጣቶች ዘንድ ይታወቅ ነበር፤ ከፖሊስ ኦርኬስትራ የወጣው ዓለማየሁ እሸቴ የኢትዮጵያው ኤልቪስ የሚል ቅጽል አትርፏል። የዓለማየሁን ሸክላ ያሳተመው አምሃ እሸቴ በ1969 ያቋቋመው አምሃ ሪከርድስ ነው፤ አምሃም ይህን ያደረገው ሸክላ የማሳተም መብት በመንግሥት በተያዘበት ጊዜ ነበር። ዛሬ የከዋኞችና የድምፅ ሪኮርዲንግ አሳታሚዎች መብት በአዋጅ ቁጥር 410/1996 (እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር) ተደንግጓል። ስለዚያ ዘመን ሸክላዎች የሚጠና ጥናት ዜማውንና ግጥሙን ከመተንተን ጎን ለጎን በምን ውል፣ በማን ስቱዲዮና በማን ገንዘብ እንደተቀረጹ፣ መብታቸውም አሁን በማን እጅ እንደሚገኝ ቢጠይቅ የሙያተኞቹን የሕይወት ታሪክ የተሟላ ያደርገዋል።